ናክልቦል ስማር የወንድሜን ጣት ሰበርኩ

ናክልቦል በቤዝቦል ጨዋታ ኳሷ ብዙም ሳትሽከረከር እየተወዛወዘች እንድትሄድ የሚደረግበት አወራወር ነው። ትዕግሥት እንጂ ጉልበት አይጠይቅም። የሁለት ጣቶች ጥፍር ከስፌቱ አጠገብ ቆዳው ላይ ይተከላል፣ አውራ ጣት ከሥር ይደግፋል፣ የእጅ አንጓ ሳይታጠፍ ኳሷ ትገፋለች። 18 ሜትር ከግማሽ ያህል ተጉዛ አንድ ዙር ገደማ ብቻ ከተሽከረከረች፣ አየሩ ስፌቱን ከወዲያ ከወዲህ እየገፋ ያወዛውዛታል። የቡና ጆንያ ስሰፋ ጥፍሬ እየተሰበረ ሁለት ወር ፈጀብኝ።

ማንም ያላስጠነቀቀኝ ስለ መቅለቡ ነው። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ ሳሳ ያለ ነው፤ ኳሷም ከቆላ ይልቅ እዚህ የምትወዛወዘው በጥቂቱ ነው። ይህን አንብቤ ታናሽ ወንድሜን «አይዞህ፣ እኛ አገር አትጎዳም» አልኩት። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ይህ ንግግሬ ነው። ለጀማሪ የሚሰጠውን ምክር ተከትዬም በሁለት እጁ እንዲቀልብ አዘዝኩት።

አሥረኛዋ ኳስ ወደ ግራ ያዘነበለች መስላ ሄዳ አንድ ክንድ ሲቀራት ወደ ቀኝ ወረደች። ባዶ እጁን ከጓንቱ ጎን ዘርግቶ ነበርና የቀለበት ጣቱን ጫፍ መታችው። ጭራሮ ሲሰበር የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። አላለቀሰም፤ «ወንድም ጋሼ፣ ጣቴ ወዴት ነው የዞረው?» አለኝ።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ ካርድ የሚጽፈው ሰውዬ «ምን መታው?» አለ። «ኳስ» አልኩ። «በረኛ ነው?» አይደለም ብዬ ቤዝቦልን ማስረዳት ጀመርኩ። እርሳሱን አስቀመጠ፤ የተሰለፉትም ይጠይቁኝ ገቡ፤ ልጁ ጣቱን ደግፎ ቆሟል። በረኛ ነው ብል ምን ነበረበት! ሰውዬውን ግን ዛሬም መንገድ ላይ ሳገኘው ሰላም አልለውም።

እ.ኤ.አ. በ2006 የአሜሪካው የቤዝቦል ቡድን የቦስተን ሬድ ሶክስ ቀላቢ ጆሽ ባርድ የናክልቦል ወርዋሪውን የቲም ዌክፊልድን ኳስ ሲቀልብ በአምስት ጨዋታ አሥር እንዳመለጡት ያነበብኩት ዘግይቼ ነው። ቡድኑ የቀድሞውን ቀላቢ ዳግ ሚራቤሊን በተጫዋች ልውውጥ መልሶ አምጥቶ በፖሊስ አጀብ ወደ ሜዳ አስገባው። ባለሙያው እንዲህ ከሆነ እኔ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ አስቀምጬ ነበር።

የሁለት እጁን ምክር እርሱት። ባዶው እጅ ከጀርባ ይቀመጥ፣ ጓንቱ ሰፊ ይሁን፤ ኳሷንም ወደ ፊት ተዘርግቶ መቀበል አያስፈልግም፣ እስክትመጣ መጠበቅ ነው።

እናታችን ኳሷን ሳጥን ውስጥ ቆልፋባት ከረመች። የመለሰችልን እኔ ቀላቢ፣ እሱ ወርዋሪ እንድንሆን አስምላን ነው። ጥፍሩን ከእኔ አስበልጦ አሳድጓል።