ኩሬ መስሎኝ

ዛሬ ጫጫን አለፍ እንዳልኩ መንገዱ ላይ ውሃ አየሁ። ኩሬ መስሎኝ ዝም ብዬ ገባሁበት። ለካ ጉድጓድ ነው! የቀኝ የፊት ጎማ "ጓ!" አለ፣ ቡናዬ ጭኔ ላይ ተደፋ።

ወርጄ ሳየው አልተነፈሰም። ተመስገን ብዬ ደብረ ብርሃን ገባሁና ለማንኛውም ጎሚስታ ጋ ቆምኩ። ልጁ የጎማውን ጎን በመዳፉ ዳበስ አድርጎ "ጋሼ፣ ይቺን ይንኳት" አለኝ። እንቁላል የምታህል እብጠት! ውስጥ ያለው ክር ተበጥሶ አየሩ ላስቲኩን ገፍቶታል። ይሄ አይለጠፍም። በዚህ ጎማ ጣርማ በርን መውረድማ አይታሰብም።

"በቃ አንድ አዲስ ግጠምልኝ" አልኩት። ሳቀ። "መኪናው ሁሌም በአራቱም ጎማ ነው አይደል የሚነዳው?" የቀሩትን ለካቸው፤ ጥርሳቸው 4 ሚሊ ሜትር ነው። የአዲሱ 8 አካባቢ። ብዙ አምራቾች የሚፈቅዱት ልዩነት ደግሞ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ያለቀው ጎማ ዙሪያው ስለሚያንስ ከአዲሱ የበለጠ ይዞራል። ልዩነቱን የሚችለው መሃል ያለው ዲፈረንሻል (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ክፍል) ነው፤ እረፍት ሲያጣ ይግላል፣ ይበላል። እሱን ማሠራት ደግሞ... ተዉት።

ጥርሱ የሚቀራረብ ያገለገለ ጎማ ፈለግን። አንድ ተገኘ፣ ሳይዙም ልክ ነው። ጎኑ ላይ ግን 1516 ይላል። በፈረንጆቹ 2016፣ በ15ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። አርጅቷል፣ መለስኩት።

አራቱንም አዲስ ገዛሁ። ዋጋውን አልጽፍም፣ ባለቤቴ ፌስቡክ ላይ አለች።