ብሩ በትክክል ገብቶ ሂሳቤ ለምን ታገደ

በቴሌግራም ጫማና ቦርሳ ለሚሸጥ ሰው ሁሉም የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፦ ብሩ መግባቱን ሳታይ ዕቃ አትስጥ። ምክሩ በቂ አይደለም። እኔ ምክሩን ተከትዬ እያለ ነው ሂሳቤ የታገደው።

ሐሰተኛ ደረሰኝ መለየት ቀላሉ ሥራ ነው። ስክሪንሾት አልቀበልም። የንግድ ባንክ ዝውውር ከሆነ የደረሰኙ ቁጥር በኤፍቲ (FT) ይጀምራል፤ ቀጥለው ያሉት ሁለት አሃዞች ዓመቱ፣ ሦስቱ ደግሞ ዓመቱ ከገባ ስንተኛው ቀን እንደሆነ ያሳያሉ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር። ኤፍቲ25032 ብሎ የሚጀምር ደረሰኝ የጥር 24 ቀን 2017 ነው። በሚያዝያ ከተላከልኝ አሮጌ ደረሰኝ እንደሆነ ወዲያው አውቃለሁ። ቁጥሩ ቢገጥምም የራሴን ሂሳብ ከፍቼ አያለሁ። ዕቃ የሚያደርስልኝ ሞተረኛ እኔ ደውዬ «ገብቷል» ሳልለው ዕቃ አያወጣም፤ ኔትወርክ የለም ከተባለ ይዞ ይመለሳል።

ያቃጠለኝ ሌላ ነው። አጭበርባሪው ከእኔ የ6,800 ብር ጫማ ያዛል። በዚያው ሰዓት ለሌላ ሰው ያገለገለ ስልክ እሸጣለሁ ብሎ 6,800 ብር ቀብድ ይጠይቃል፤ የሚሰጠው የሂሳብ ቁጥር ግን የእኔን ነው። ሰውየው ይከፍላል፣ ብሩ እውነተኛ ነው፣ ጫማው ይሄዳል። ስልኩ ያልደረሰው ሰው ሲያመለክት ባንኩ የሚያገኘው ስም የእኔን ነው።

የከፋዩና የጫማው ተቀባይ ስም እንደማይገጥም አይቼ ነበር። አጭበርባሪው «ወንድሜ ነው የከፈለልኝ» ሲለኝ ዝም ማለቴ እስካሁን ይቆጨኛል።

የታገደው 6,800 ብር ብቻ ሳይሆን ሂሳቡ በሙሉ ነው፤ የአቅራቢዎቼም ብር እዚያው ነበር። ቅርንጫፉ የፖሊስ ደብዳቤ አምጣ አለ። ፖሊስ ስቴትመንት (የሂሳቡን ገቢና ወጪ ዝርዝር) አምጣ አለ። ስቴትመንት ስጠይቅ ሂሳቡ ስለታገደ አይታተምም ተባልኩ። በካርድ የሚሸጡ ሰዎች ቻርጅባክ (ከፋዩ ብሬ ይመለስልኝ ብሎ በባንኩ በኩል የሚያቀርበው ጥያቄ) ሲመጣባቸው ማስረጃ የሚያቀርቡበት ቀን ይነገራቸዋል። እኔ ማን እንደሚወስን እንኳ የነገረኝ የለም፤ በየመስኮቱ ስመላለስ 23 ቀን አለፈ።

ማስረጃዬን ልሰበስብ ቴሌግራም ስከፍት ውይይቱ የለም። በግል ውይይት ውስጥ አንዱ ወገን መልእክቶቹን ከሁለቱም ስልክ ላይ ማጥፋት ይችላል፤ አጭበርባሪው ጫማውን እንደተረከበ አጥፍቶታል። ያዳነኝ ሞተረኛው ስልክ ላይ የቀረው የጥሪ መዝገብና ለእሱ በተለየ የተላከለት የሎኬሽን ምልክት ነው። ንግድ ፈቃድና የሽያጭ ደረሰኝ ባይኖረኝ ደግሞ ተባባሪ ነህ ይሉኝ ነበር ብዬ አምናለሁ።

አሁን ትእዛዝ ሲመጣ መልእክቱን ወዲያው ወደ ራሴ ዝግ ቻናል ፎርዋርድ አደርጋለሁ። ደንበኛው የራሱን ቢያጠፋም ቅጂው ይቀራል። ስክሪንሾት ብቻ ማስቀመጥን አልመክርም፤ ፖሊስ ጣቢያ «ይህን አንተ ብትሠራውስ» ብለውኛል።

ከፋይና ተቀባይ ከተለያዩ ዕቃ አይወጣም። እውነተኛ ወንድም ከሆነ ሲልክ «ምክንያት» የሚለው ቦታ ላይ የሱቁን ስም፣ «ጫማ 41» እና የተቀባዩን ስም ይጻፍ። ስልክ እየገዛሁ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው «ጫማ 41» ብሎ አይጽፍም፤ ጻፍ ቢባል ይጠይቃል፣ ማጭበርበሩም እዚያው ይቆማል። አንዳንድ ደንበኛ ተቆጥቶ ይሄዳል። ይሂድ።

የሱቁን ሂሳብ ከቤቴ ሂሳብ ለይቻለሁ፤ የዕለቱን ሽያጭ ማታ ማታ ወደ ሌላ ባንክ አዛውራለሁ። ነገ ቢታገድ የሚያዘው የአንድ ቀን ገንዘብ ነው። ማህተም ያለበት ስቴትመንት በየወሩ መጀመሪያ አስወጣለሁ፣ ከታገደ በኋላ ስለማይገኝ።

«በስህተት ልኬልህ ነው፣ በዚህ ቁጥር መልስልኝ» የሚል ሲደውል ደግሞ ወደ ሰጠኝ ቁጥር አንድ ብር አልልክም። በባንኩ በኩል ያመልክት እላለሁ፤ የምመልስ ከሆነም ብሩ ወደመጣበት ሂሳብ ብቻ ነው፣ ምክንያቱን ጽፌ።