ሁለት መጥበሻ፣ አንድ የጨው ማንኪያ

ሙያዬ የሒሳብ መዝገብ ምርመራ ነው። አንድ ወጪ በአንዱ ደብተር ተጽፎ በሌላው ሲዘለል ዐይኔ ቶሎ ያየዋል። ከዕፅዋት የተሠራውን ሥጋ ከእንስሳት ሥጋ ጋር በሚያነጻጽሩ ጽሑፎች ላይም እንዲህ ያለ የተዘለለ ወጪ አለ። ይህን ያገኘሁት በገዛ ማድ ቤቴ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በደም ምርመራ ነው። መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል ስለበዛብኝ ሐኪሜ «ቀይ ሥጋ ይቀንሱ» አሉኝ። ልጄ ይህን ሰምታ፣ «አባዬ፣ ከአኩሪ አተር የሚሠራውን ለምን አትሞክረውም?» አለችኝ። ተቆጣሁ። ሥጋ ያልሆነውን ሥጋ ብሎ መጥራት ለእኔ ሐሰት ነበር። እርሷ ግን አልተወችኝም፤ ቅዳሜ ማታ ሁለት መጥበሻ ጎን ለጎን ጥደን በአንዱ የተፈጨ የበሬ ሥጋ፣ በሌላው ከአኩሪ አተር የተሠራውን ኢምፖሲብል የተባለ በርገር ጠበስን። ሁለቱም በሚዛን 113 ግራም ነበሩ።

የአኩሪ አተሩ ጥሬው ቀይ ነው። እሳት ሲነካው ልክ እንደ ሥጋው ከዳር እየጀመረ ወደ ቡናማነት ይለወጣል፤ ሽታውም የሥጋ ሽታ ነው። ይህን የሚያደርገው ሄም ነው። ለሥጋ ቅላቱን የሚሰጠው ማዮግሎቢን የተባለ ፕሮቲን ብረት ያዘለ ሄም በውስጡ አለው፤ በአኩሪ አተር ሥር እባጮች ውስጥም ሌግሄሞግሎቢን የሚባል ዘመዱ ይገኛል። የባዮኬሚስትሪ ሊቁ ፓትሪክ ብራውን እ.ኤ.አ. በ2011 የመሠረቱት የኢምፖሲብል አምራች ኩባንያ ይህን ፕሮቲን በእርሾ አማካይነት እያመረተ ይጨምርበታል። ተፎካካሪው ቢዮንድ ሚት ደግሞ ፕሮቲኑን በዋናነት ከአተር፣ ቅላቱን ከቀይ ሥር ይወስዳል።

በትኩሱ የመጀመሪያው ጉርሻ አስደነቀኝ። ላዩ ደርቆ ውስጡ ረጥቧል። እያወራን ሳለ ሲበርድ ግን ልዩነታቸው ወጣ፤ የበሬው ጠጠር አለ፣ የአኩሪ አተሩ ላላና መፈርፈር ጀመረ። ማያያዣው ሜቲልሴሉሎስ ነው። ይህ ነገር ጠባዩ ከጄላቲን ተቃራኒ ነው፤ ሲሞቅ ይረጋል፣ ሲበርድ ይላላል። ስለዚህ ከእሳት እንደወረደ መበላት አለበት።

ከእራት በኋላ ቁጥሮቹን አወጣሁ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የኢምፖሲብል ቅንብር በ113 ግራም 19 ግራም ፕሮቲን አለው፤ 20 ከመቶ ስብ ያለው የተፈጨ የበሬ ሥጋም እንዲሁ። ኮሌስትሮል የአኩሪ አተሩ ምንም የለውም፣ የበሬው 80 ሚሊ ግራም ገደማ አለው። ሳቹሬትድ ፋት የሚባለው የሚረጋ ስብ ግን ከኮኮናት ዘይት ስለሚገባ በአኩሪ አተሩም 8 ግራም ይደርሳል፤ ከበሬው እምብዛም አይለይም። የእኔን መጥፎ ኮሌስትሮል ከፍ የሚያደርገው በዋናነት ይህ ስብ ስለሆነ፣ «ከዕፅዋት» የሚለው ቃል ብቻውን አላጽናናኝም። ኩባንያዎቹ ቅንብራቸውን ስለሚለዋውጡ በገዛሁ ቁጥር ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን አነባለሁ።

ሶዲየም ላይ ስደርስ ቆምኩ። የአኩሪ አተሩ 370 ሚሊ ግራም፣ የበሬው 75። ተቺዎች ሁሉ የሚያነሱት ይህንን ነው። ነገር ግን 75ቱ የጥሬ ሥጋ፣ ጨው ያልነካው ሥጋ ቁጥር ነው። ማን እንዲያ ይበላዋል? የወትሮዬን ቁንጥር ጨው በማድ ቤት ሚዛን ላይ አፈሰስኩት፤ አንድ ግራም ሆነ። በአንድ ግራም ጨው ውስጥ 390 ሚሊ ግራም ገደማ ሶዲየም አለ። የበሬው 465 ደረሰ ማለት ነው፤ ከሌላው በለጠ። አንዱ ደብተር ጨውን መዝግቧል፣ ሌላው ዘሎታል። ይህን ካየሁ በኋላ ግን አንድ ሐዘን ገባኝ፤ ያን ምሽት በልማድ በሁለቱም ላይ ጨው ነስንሼ ነበር። ጨው ያለበት ላይ ጨው ስጨምር 760 አድርሼዋለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ሶዲየም በቀን ከ2000 ሚሊ ግራም በታች ይሁን ይላል።

በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት 36 ሰዎችን ለስምንት ሳምንት የቢዮንድ ሚትን ምርት፣ ለስምንት ሳምንት የእንስሳት ሥጋ አብልቶ ነበር፤ ዕፅዋቱን በበሉበት ጊዜ መጥፎው ኮሌስትሮል 10 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ገደማ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ገንዘቡን የሰጠው ራሱ ኩባንያው ነው፤ ይህንን ሳልጠቅስ ባልፍ ሙያዬን ክጄ ነበር።

የተፈጨውን ተክቶልኛል። ጡንቻው እንዳለ የተጠበሰ ቁራጭ ሲያምረኝ ግን አይተካልኝም፤ ያንን በወር አንድ ጊዜ የእውነተኛውን እበላለሁ፣ ለሐኪሜም ነግሬአቸዋለሁ። የሁለተኛው ደም ምርመራ ከሦስት ወር በኋላ ነው። ልጄ የጨው ዕቃውን ከምድጃው አጠገብ አንሥታ ላይኛው መደርደሪያ ላይ አስቀምጣዋለች።