ደረሰኙ ላይ «ቀብድ» ይላል

ይህን የምጽፈው ባለፈው ዓመት አንድ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ እያልኩ ስለምቆጭ ነው። ሐዋሳ ውስጥ የበጎ አድራጎት ኮንሰርት ላይ በነፃ ለማገልገል ስትመዘገቡ ገንዘብ አስይዙ ትባሉ ይሆናል። አስይዙ። ግን ከመክፈላችሁ በፊት ደረሰኙ ላይ ምን ተብሎ እንደሚጻፍ ጠይቁ።

ሐይቁ ዳር የሁለት ቀን ኮንሰርት ተዘጋጀ። ገቢው ለተማሪዎች ደብተርና ዩኒፎርም ነበር። ፋርማሲ ነው የምሠራው፤ ቅዳሜና እሑድ አልገባም። ተመዘገብኩ፣ የግማሽ ቀን ሥልጠና ወሰድኩ፣ የመታወቂያ ኮፒ ሰጠሁ፣ 2,000 ብር በቴሌብር ላክሁ፣ ባጅና ቲሸርት ተቀበልኩ። እስከዚህ ድረስ ምንም ችግር አልነበረም።

ለምን ገንዘብ እንደሚያስይዙ ይገባኛል፤ ዛሬም እደግፈዋለሁ። ባጅ አንጠልጥሎ በነፃ ገብቶ መድረኩ ሥር ሲጨፍር የሚያመሽ ሰው አለ። በር ላይ የቆመችው ልጅ ደግሞ ያን ሁሉ ሕዝብ ብቻዋን ትጋፈጣለች። ውጭ አገርም ያው ነው። እንግሊዝ ውስጥ ኦክስፋም በትልልቅ የሙዚቃ ፌስቲቫሎች ላይ በጎ ፈቃደኞችን ሲያሰማራ ገንዘብ ያስይዛል፤ ፈረቃውን በሙሉ ለሠራ ይመልሳል። የእኛም ሦስት ፈረቃ ነበር። ዓርብ አጥርና ወንበር ማዘጋጀት፣ ቅዳሜና እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ ማታ 4 ሰዓት በር ላይ። ለዓርቡ ከሥራ ፈቃድ ወሰድኩ። ደስ ብሎኝ ነበር።

ሐሙስ ማታ ስልክ ተደወለ። ዲላ ያለችው አክስቴ አረፈች። እስከ ስምንተኛ ክፍል ያሳደገችኝ እሷ ናት።

እያለቀስኩ ለአስተባባሪው ደወልኩ። «እግዚአብሔር ያጽናሽ እህቴ። ስለ እኛ አታስቢ፤ ሰው ካለሽ ተኪና ሂጂ» አለኝ። ሁለት ደቂቃ እንኳ አላወራንም። ነገሩ ሁሉ የተበላሸው በዚያች ሁለት ደቂቃ ነው። በጽሑፍ ምንም አልያዝኩም። እሱም አልያዘም።

የጎረቤታችን ልጅ ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ይፈልግ ነበር። ሄጄ በራቸውን አንኳኳሁ። ነገሩን ሳልጨርስለት «ችግር የለም፣ አንቺ ብቻ ሂጂ» አለኝ። ባጁንና ቲሸርቱን ሰጠሁት። «ስም ሲጠሩ በእኔ ስም ፈርምልኝ» አልኩት። ይህችን ነገር ከአፌ ባላወጣት ኖሮ! ሊነጋጋ ሲል መናኸሪያ ነበርኩ።

ቀብረን፣ ሠልስቱን አውጥቼ ተመለስኩ። ልጁ ሦስቱንም ፈረቃ ሠርቷል። እሑድ ማታ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ቆሻሻ ሲለቅም አምሽቷል። በሳምንቱ የሌሎቹ ገንዘብ ተመለሰ። የእኔ አልገባም። ለአስተባባሪው ደወልኩ፤ አያነሳም። ቴክስት ላክሁ፤ አይመልስም። ቢሮ ሄድኩ።

የሒሳብ ሠራተኛዋ ትልቅ ሴት ናቸው። ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን አደረጉልኝ። አንደኛው «የሰረዙ» የሚል ዝርዝር ነው። ስሜ አለበት። ለካ አስተባባሪው ያን ሌሊት ስልኩን እንደዘጋ እዚያ አስገብቶኛል። ሁለተኛው የመፈረሚያው ወረቀት ነው። እዚያም ስሜ አለ። ከስሜ ፊት ለፊት ሦስት ፊርማ፣ ሦስቱም ወደ ግራ ያዘነበለ። ልጁ ግራኝ ነው። ሦስተኛዋ ላይ የእርጥብ ጣት አሻራ ቀርቷል፤ ውሃ ሲያድል የነበረ ጊዜ ይመስለኛል። ሴትዮዋ መታወቂያዬን አገላብጠው አዩና «የኔ ልጅ፣ ከሰረዝሽ ማነው የፈረመው? ካልሰረዝሽ ደግሞ ይሄ ያንቺ ፊርማ ነው?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። በወረቀቱ ከሄድን እሳቸው ልክ ናቸው። እኔ ራሴ ነኝ አስመስለህ ፈርም ያልኩት። አጭበርባሪ መሰልኩ። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ፊቴ ሲቃጠል ዛሬም ይሰማኛል።

የሐዘን ማስረጃ አምጪ ተባልኩ። አክስቴ ያረፈችው ቤቷ ነው፤ የሆስፒታል ወረቀት የለም። የሞት ምስክር ወረቀቱን ልጆቿ ገና አላወጡም ነበር። ስለዚህ ዲላ ተመልሼ ከዕድሩ ደብዳቤ አጻፍኩ። ጸሐፊው ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው በእጃቸው ጻፉልኝ፤ ስሟን፣ ያረፈችበትን ቀን፣ የእኔን ዝምድና። ማኅተሙን ሁለቴ እፍ ብለው መቱበት። ለዚህ ወረቀት አንድ ቀን ሙሉ ከሥራ ቀርቻለሁ።

የድርጅቱ ኃላፊ ደብዳቤውን በወጉ ሳያነበው መለሰልኝ። «የዕድር ደብዳቤ ሕጋዊ ማስረጃ አይደለም።»

አንጀቴ አረረ። ድንኳኑን የተከለው ዕድሩ ነው። አስከሬኑን የተሸከመው፣ ንፍሮውን የቀቀለው፣ ለቀስተኛውን ያስተናገደው ዕድሩ ነው። አክስቴ መሞቷን ከዕድሩ በላይ የሚያውቅ ማን አለ? ሥራው ለሰው ከሰው መለመን የሆነ ድርጅት የሰው ሐዘን ፊት እንዲህ ሲሆን በጣም ነው ያዘንኩት። ሰውየው ክፉ አይመስለኝም። ያየውን ወረቀት ብቻ ነው የሚያምነው።

ቤት ገብቼ ወረቀቶቼን ዘረገፍኳቸው። የመመዝገቢያው ቅጽ «2,000 ብር ተመላሽ መያዣ» ይላል። ጀርባው ላይ በደቃቅ ፊደል፣ ከዝግጅቱ 7 ቀን በፊት በጽሑፍ ላሳወቀ ሙሉው እንደሚመለስ፣ ከዚያ በኋላ ለሰረዘ እንደማይመለስ ተጽፏል። ስለ ሞት፣ ስለ ሕመም፣ ስለ ምትክ አንድም ቃል የለም። ደረሰኙን ሳየው ደግሞ ሌላ ቃል አገኘሁ። «የበጎ ፈቃደኛ ቀብድ።»

መድኃኒት የሚገዙኝን አንድ ጠበቃ ጠየቅሁ። ቆመው አስረዱኝ። ቀብድና መያዣ አንድ አይደሉም። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል። ቀብድ የተቀበለው ከተወ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። መያዣ ግን ባጅህን እስክትመልስ፣ ሥራህን እስክትጨርስ የሚቀመጥ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ደረሰኙ ላይ ያለችው ያቺ ቃል እኔን ነበር የምትጎዳው። ያዳነኝ ቅጹ ላይ ያለው «ተመላሽ» የሚለው ነው፤ እሱ ነው ሌላው ስምምነት። ጠበቃው ቁጥር 1793ንም አነሱልኝ። ከአቅም በላይ ከሚባሉት ነገሮች መካከል የባለ ዕዳው፣ ማለትም በውሉ ግዴታ የገባው ሰው፣ የራሱ ሞትና ያልታሰበ ከባድ ሕመም ይቆጠራሉ። የአክስት ሞት ግን ተጽፎ የለም። «በዚህኛው ብዙ አትመኪ» አሉኝ። ባይሉኝ ኖሮ እሱን ይዤ ሄጄ እንደገና አፍሬ እመለስ ነበር።

ለሦስተኛ ጊዜ ሄድኩ። ቅጹንና ደረሰኙን ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። «ቀብድ ነው ካላችሁ፣ ኮንሰርቱን እናንተ ብትሰርዙት ለአርባዎቻችንም በጎ ፈቃደኞች እጥፍ ልትከፍሉ ነበር። መያዣ ነው ካላችሁ፣ ባጁም ቲሸርቱም ተመልሷል፣ ሥራውም ተሠርቷል» አልኩት። ወረቀቶቹን ደጋግሞ አየና ሴትዮዋን ጠራቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ 1,700 ብር ገባልኝ። 300 ብሩ «ለአስተዳደር ወጪ» ነው ተባልኩ። ደረሰኝ የለውም። ደክሞኝ ስለነበር ተውኩት። መተው አልነበረብኝም።

መመሪያቸው ችግር ሲገጥማችሁ ለአስተባባሪው ደውሉ ይላል። እኔ ደግሞ መጀመሪያ ጻፉ እላለሁ። እያለቀሳችሁም ቢሆን አንድ መስመር ቴክስት፦ «ሐዘን ገጥሞኛል፣ በእኔ ቦታ እገሌ ይሠራል፣ እሺ ካላችሁ መልሱልኝ።» ከዚያ ደውሉ። ምትክ ፈልጉ ይሏችኋል፤ ምትኩ በራሱ ስም ካልተመዘገበ ማንንም አትተኩ፣ ቦታው ባዶ ቢቀር ይሻላል። በሰው ስም መፈረምማ ፈጽሞ። ገንዘቡን ስትልኩ ወደ ግለሰብ ስልክ ሳይሆን ወደ ድርጅቱ ይሁን። ቅጹንም ደረሰኙንም ፎቶ አንሱ፤ ሁለቱ ላይ ያለው ቃል ከተለያየ እዚያው ቆማችሁ አስተካክሉ። በሐዘን ጊዜ ምን ይሆናል ብላችሁም ጠይቁ። ሟርት አይደለም።

ገንዘቡ አሁን አያናድደኝም። የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ለሠሩት ሁሉ ምስክር ወረቀት ተሰጠ፤ ለእኔም ተሰጠኝ። በወርቃማ ፊደል የእኔ ስም፣ «ለ24 ሰዓት አገልግሎት።» ሃያ አራቱን ሰዓት የሠራው ልጅ ሥራ በሚያመለክትበት ሁሉ የሚያሳየው አንድ ወረቀት የለውም። በስሙ ይቀየርልን ብለን ጠየቅን፤ መዝገቡ ላይ ስሙ ስለሌለ አይቻልም አሉ። አስተባባሪው በጽሑፍ ከመሰከረለት ይታያል ብለዋል። ሰውየው ሌላ መሥሪያ ቤት ገብቷል፣ ቦታውን አግኝቻለሁ። ሰኞ ልጁን ይዤው እሄዳለሁ።