ያገለገለ ኤሌክትሪክ ጊታር የት ተሠራ? ከፖቱ ጀርባ ያለው ቁጥር

ደብረ ብርሃን ላይ ያገለገለ ጊታር ሲሸጥ የሁሉም ጥያቄ "ኦሪጅናል ነው ወይ?" ነው። መልሱም ሁልጊዜ የሚፈለገው ጊታሩ ራስ ላይ ከተጻፈው ስም ነው። ይህ ልማድ መቅረት አለበት። ስም በተለጣፊ ይለወጣል፤ አብዛኛው የፌንደር (የአሜሪካ ጊታር ፋብሪካ) ዓይነት አንገት ደግሞ በአራት ብሎን ብቻ ስለሚያዝ በሩብ ሰዓት ተፈትቶ ከሌላ ቦዲ ጋር ይገጠማል። እኛ ለውጥ ያየነው ቅደም ተከተሉን ከገለበጥን ወዲህ ነው፦ መጀመሪያ መለካት፣ ቀጥሎ ከፍቶ ማየት (በተለይ ፖቱን፣ ማለትም ቮሊዩምና ቶን የሚያዞረውን ክፍል)፣ ስሙን መጨረሻ ላይ ማንበብ። አሁን አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ብዙውን ጊታር ቢያንስ ከየትኛው የዓለም ክፍል እንደመጣ መናገር እንችላለን።

የመጀመሪያው ሥራ ቀላል ነው። ከነቱ (ክሮቹ በጊታሩ ራስ በኩል ከሚያርፉበት ጠባብ ቁራጭ) ጠርዝ እስከ 12ኛው ፍሬት (አንገቱን አቋርጦ የተሰካ ብረት) አናት ድረስ በሚሊሜትር ለክታችሁ በሁለት አባዙት። 324 ካገኛችሁ 648 ይሆናል፤ የፌንደር ልክ ነው። 314 አካባቢ የጊብሰን፣ 317.5 ደግሞ የፒ አር ኤስ ልክ ነው። እስከ ብሪጁ አትለኩ፤ እያንዳንዱ ክር የሚያርፍበት ብረት ድምፁ እንዲስተካከል ወደፊትና ወደኋላ ስለሚገፋ ልኩ ያሳስታል። ይህ ቁጥር የሚነግራችሁ የማንን ንድፍ እንደተከተለ ብቻ ነው፤ አገሩን አይናገርም። ቀጥሎ ሽፋኑን አንሥታችሁ የቦዲውን ጉድጓድ ግድግዳ በባትሪ ብርሃን እዩ። ቀለም ባልነካው ቦታ ላይ ንብርብር ከታየ ኮምፖርሳቶ ነው። የፒክአፑን (የክሩን ድምፅ የሚቀበለውን ክፍል) ሆድም ገልብጡት፤ የብረት ምሰሶዎች ሥር አንድ ጠፍጣፋ ማግኔት ከተለጠፈ ርካሽ አሠራር ነው፤ ምሰሶዎቹ ራሳቸው ማግኔት ከሆኑ የጥንቱ የፌንደር አሠራር ነው። የገመዱ መሰኪያ አምስት ቀዳዳ ያለው ክብ ከሆነ ደግሞ ብዙ አትልፉ፤ ወደ ምሥራቅ አውሮፓ ተመልከቱ። የሶቪየቱ ኡራል፣ የቼኮዝሎቫኪያው ዮላና፣ የምሥራቅ ጀርመኑ ሙዚማ ይህን መሰኪያ ይጠቀሙ ነበር።

ለሰሜን ሸዋ ሰው የሚጨመር ነገር አለ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሸዋ ሮቢት ግን ከ1,300 ብዙም አትርቅም። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ አየሩ ሲደርቅ የአንገቱ እንጨት ይኮማተራል፤ ፍሬቱ ብረት ስለሆነ ባለበት ይቀራል፤ ጫፉም ወጥቶ እጅ ይቧጭራል። ይህን ዳብሶ "የቻይና ነው" የሚል ሰው አይጠፋም። ፍርዱ ልክ አይደለም፤ ውዱ የአሜሪካ ጊታርም እንዲሁ ይሆናል። ከቆላ የወጣ ጊታር ጥቂት ቀን ቤት ውስጥ ሳይሰነብት አንገቱ ላይ አትፍረዱ፤ አንገቱን የሚያቃናውን የውስጥ ብረትም አትንኩ።

ስለ ሲሪያል ቁጥር በአጭሩ። የሜክሲኮ ፌንደር በ"ኤም ኤን" ከጀመረ የ1990ዎቹ፣ በ"ኤም ዜድ" ከጀመረ የ2000ዎቹ ነው፤ ቀጥሎ ያለው አኃዝ ዓመቱን ይጨርሰዋል፣ "ኤም ኤን 7" ማለት 1997 ነው። ስኳየር (የፌንደር ርካሽ ምርት) ላይ "አይ ሲ ኤስ" ካለ ኢንዶኔዥያ ነው። ከ1970ዎቹ አጋማሽ እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ የተሠራ የጃፓን አይባኔዝ በወር ፊደል ይጀምራል፤ "ኤች 78" ኦገስት 1978 ማለት ነው። ከ1977 ወዲህ ባለው ባለ ስምንት አኃዝ ጊብሰን 1ኛውና 5ኛው አኃዝ ዓመት፣ ከ2ኛ እስከ 4ኛ ያሉት ደግሞ ከዓመቱ ስንተኛ ቀን እንደሆነ ይናገራሉ። 82043517 ብንወስድ 1983፣ 204ኛው ቀን፣ ማለትም ሐምሌ 16 ቀን 1975 ዓ.ም. ነው። የቀኑ ቁጥር ከ366 ከበለጠ ጊታሩ አስመስሎ የተሠራ እንዳይሆን ጠርጥሩ። እዚህ ላይ ተደጋግሞ የሚሠራ ስህተት አለ፤ ሻጩ "83" የሚለውን አይቶ በእኛ አቆጣጠር 1983 ነው ይላል፤ ጊታሩንም በሰባት በስምንት ዓመት ያሳንሰዋል። እዚህ የጠቀስነው የጊታር ቁጥር ሁሉ የፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ለወራት ያስቸገረንም፣ አሁን ከሁሉ አብልጠን የምናምነውም ፖቱ ነው። አሜሪካ የተሠራ ፖት ጀርባው ወይም ጎኑ ላይ ስድስት ወይም ሰባት አኃዝ ይታተምበታል። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የፋብሪካው መለያ ናቸው፦ 137 ሲ ቲ ኤስ፣ 304 ስታክፖል፣ 134 ሴንትራላብ። የቀሩት ዓመትና ሳምንት ናቸው። 1377933 ማለት ሲ ቲ ኤስ፣ 1979፣ 33ኛው ሳምንት፤ በእኛ ነሐሴ 1971 ዓ.ም.። ስድስት አኃዝ ብቻ ከሆነ ዓመቱ አንድ አኃዝ ነው፤ 304633 ዓመቱ በ6 እንደሚያልቅ ብቻ ስለሚናገር አሥርት ዓመቱን ከሌላ ምልክት ታወጣላችሁ። መጨረሻ ላይ ያገኛችሁት ሳምንት ከ53 ከበለጠ የምታነቡት የቀን ኮድ ሳይሆን የዕቃ ቁጥር ነው፤ ተዉት። "ቢ 250 ኬ" ወይም "ኤ 500 ኬ" የሚለውም ቀን አይደለም፤ የመቋቋሚያው መጠንና ዓይነት ነው።

ፖቱ ላይ እንዲህ ያለ ኮድ ካልተገኘ መጠኑን በካሊፐር ለኩ። የአሜሪካው ክብ ሆድ 24 ሚሊሜትር ገደማ፣ ዳዶው የሚጠለቅበት አንገት 9.5 ሚሊሜትር ነው። የእስያው አነስተኛ ፖት ሆዱ 16፣ አንገቱ 7 ወይም 8 ነው። የማዞሪያው ጥርስም ይለያል፤ የአሜሪካው 24፣ የእስያው 18 ነው፤ ስለዚህ በግድ የገባ ወይም የተሰነጠቀ ማዞሪያ ካያችሁ ፖቱ ተለውጧል ብላችሁ ጠርጥሩ። የቦዲው ወይም የሽፋኑ ቀዳዳ በሞረድ ከሰፋ ጥርጣሬው ይጸናል፤ ትልቁ አንገት በትንሹ ቀዳዳ አይገባምና።

አስቸጋሪው ጉዳይ የምድር ሽቦው ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚበየደው ፖቱ ጀርባ ላይ፣ ልክ ኮዱ ላይ ነው። ብየዳውን አቅልጣችሁ ቁጥሩን አንብቡ የሚሉ አሉ። አጥብቀን እንቃወማለን። ያልተነካ የፋብሪካ ብየዳ ራሱ ምስክር ነው፤ አንዴ ካቀለጣችሁት "ይህ ፖት ከመጀመሪያው እዚህ ነበር" የሚያሰኛችሁ ነገር የለም፤ ሙቀቱም ውስጡን ሊያበላሽ ይችላል። ይህን ማስረጃ በገዛ እጃችን ያጠፋንበት ጊዜ ስላለ ነው አጥብቀን የምንናገረው። ይልቅ ጀርባውን አልኮል ባረጠበ ጥጥ ጥረጉ፣ ብርሃኑን ከጎን በጣም ዘቅዝቃችሁ አብሩ፣ በስልክ አቅርባችሁ አንሡ። ግማሽ የተሸፈነ አኃዝ በጥላው ይነበባል። አንዱ ፖት ካልተነበበ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ተመልከቱ፤ በአንድ ቀን የተገጠሙ ፖቶች ኮዳቸው ተቀራራቢ ነው።

አንዱ ከሌላው በዓመታት ከራቀ የብየዳውን ቀለም አወዳድሩ። አሮጌው ደብዛዛ ግራጫ ነው፤ አዲሱ ያብረቀርቃል፣ በዙሪያውም ቡናማ ሙጫ ይቀራል። በቴስተር ግን አትፍረዱ። ፖቱ ሳይፈታ የቮሊዩሙን ሁለት ዳር እግሮች ብትለኩ 250 ሳይሆን 6 ወይም 7 ኪሎ ኦም ይወጣል፤ ፒክአፑ አብሮ ስለሚለካ እንጂ ፖቱ ተበላሽቶ አይደለም። ተፈትቶ 210 ወይም 290 ቢያነብም አዲስ አይሆንም፤ በእነዚህ ፖቶች 20 በመቶ መዛነፍ የተለመደ ነው።

ፖቱ የሚነግራችሁ ጊታሩ ከዚያ ቀን በፊት እንዳልተሠራ ብቻ ነው። በዚያው ቀን ተሠራ ማለት አይደለም፤ ፌንደር በ1966 በብዛት የገዛቸው ፖቶች እስከ አሥርቱ ማብቂያ በተሠሩ ጊታሮች ውስጥ ይገኛሉ። ስለዚህ 1979 የሚል ሲሪያልና 1983 የሚል ያልተነካ ፖት አንድ ጊታር ላይ ከተገናኙ የምንይዘው ፖቱን ነው፤ ሲሪያሉ ያለው አንገቱ ላይ ከሆነም አንገቱ ከሌላ ቦዲ መጥቶ ሊሆን ይችላል ብለን እንመዘግባለን።

ስትገጥሙት ፖቱን ከውስጥ በጣታችሁ ያዙና ዳዶውን ከላይ በቁልፍ አጥብቁ። ካልያዛችሁት ፖቱ አብሮ ይዞርና የምድር ሽቦውን ይበጥሰዋል፤ ከዚያ በኋላ ጊታሩ ክሩን ሳትነኩት ማጉያው ላይ ይጮኻል።