ካገባሽ ትለቂያለሽ

የእህቴ ልጅ ለውጭ ጉዳይ ፈተና እያጠናች ነው። ከሰዓት ከሰዓት ከዚራ እኔ ቤት ትመጣለች። የድሬ ሙቀት እስኪበርድ እሷ ደብተሯ ላይ ታንቀላፋለች፣ እኔ ድሪያዬን ለብሼ በር ላይ አራግባለሁ። ባለፈው ሳምንት ቀና ብላ “አቦ አክስቴ፣ የምታውቂያት ሴት ዲፕሎማት አለች?” አለችኝ። መጀመሪያ አፌ ላይ የመጣችው አንዲት ሕንዳዊት ናት፤ ሲ. ቢ. ሙታማ።

አንቱ ልላት ይገባ ነበር። ግን የድሬ ሰው ነኝ፣ እኛ ጋ አንቱታ ብዙም አይሠራም። ዓመቶቹን ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።

ሙታማ የተወለደችው በ1924 ነው፣ ደቡብ ሕንድ ኩርግ ውስጥ። ኩርግ ልክ እንደኛ ሐረርጌ የቡና አገር ነው። አባቷ ልጅ ሳለች ሞተ፣ እናቷ አስተማረቻት። በ1949 የሕንድ የውጭ አገልግሎት ስትገባ በፈተና አልፋ የገባች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ከእሷ በፊት የጠቅላይ ሚኒስትሩ የኔህሩ እህት ቪጃያ ላክሽሚ ፓንዲት ሞስኮ አምባሳደር ሆና ነበር፣ ግን በሹመት ነው። ሙታማ ተፈትና ነው የገባችው።

ቃለ መጠይቁ ላይ የተቀመጡት ሰዎች ሥራው ለሴት አይሆንም ብለው ሊያስተዋት ሞክረው ነበር። እምቢ ስትል ደግሞ አስፈረሟት፦ ካገባሽ ትለቂያለሽ። ወንዶቹ እንዲህ ያለ ወረቀት አልፈረሙም።

ፓሪስ ሠራች፣ ራንጉን ሠራች፣ ለንደን ሠራች። በ1970 ሃንጋሪ አምባሳደር ሆነች፤ ከአገልግሎቱ ውስጥ አድጋ አምባሳደር የሆነች የመጀመሪያዋ ሕንዳዊት ማለት ነው። ቀጥሎ ጋና፣ መጨረሻ ላይ ሆላንድ። አላገባችም።

ስለ እሷ የሰማሁት ከአንድ ጠበቃ ነው። ጉዳዬን ይዤ ሄጄ።

ጉዳዬ እንዲህ ነው። የምሠራበት መሥሪያ ቤት የቡድን መሪ ቦታ አወጣ። አሥራ ሁለት ዓመት የሠራሁበት ክፍል ነው፣ ፋይሎቹን ዓይኔን ጨፍኜ አወጣቸዋለሁ። ሦስት ወንዶች ተቀምጠው ጠየቁኝ። ስለ ሥራው ሁለት ጥያቄ። ከዚያ አንዱ “ልጅሽ ስንት ዓመቷ ነው?” አለ። ሰባት ወሯ ነው አልኩ። ተያዩ። ቦታው እኔ ሥራ ላስለመድኩት ልጅ ተሰጠ። ጥሩ ልጅ ነው፣ እሱን አልጠላሁትም። ግን ሦስት ልጆች ነበሩት፤ ስንት ዓመታቸው ነው ብሎ የጠየቀው የለም።

ጠበቃው ሰምቶኝ ሳቀና “ይቺን ሕንዳዊት ታውቂያታለሽ?” አለኝ።

ሙታማም እድገት ተከልክላ ነበር። በሥራ ሰላሳ ዓመት ሊሞላት ሲል የገዛ መንግሥቷን ከሰሰች። ደንቡ ግልጽ ነበር፤ ሴት ዲፕሎማት ለማግባት የጽሑፍ ፈቃድ ትጠይቃለች፣ ካገባች በኋላም የቤት ጣጣዋ ሥራውን ያደናቅፋል ከተባለ ልቀቂ ልትባል ትችላለች። ሌላው ደንብ ደግሞ ያገባች ሴት መቀጠር መብቷ አይደለም ይል ነበር። ክሱ በ1979 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ ዳኛ ክሪሽና አይየር ፊት።

እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚጣፍጠው። ክሱ ገና ሳያልቅ መንግሥት እድገቱን ሰጣት። አንዱን ደንብ ከዓመታት በፊት ሰርዘነዋል አሉ፣ ሌላውንም ልንሰርዘው ነው አሉ። ስለዚህ ፍርድ ቤቱ መዝገቡን ዘጋው። በወረቀት ካየነው አላሸነፈችም። ዳኛው ግን ዝም ብሎ አልዘጋውም። የሴቷ ቤተሰብ ሥራዋን ያደናቅፋል ከተባለ የወንዱስ? ብሎ ጠየቀ። የአገልግሎት ደንቦች በሙሉ ተፈትሸው የፆታ አድልዎ እንዲጸዳ አሳሰበ፣ የእሷም የቀዳሚነት ተራ እንደገና እንዲታይ አዘዘ።

በ1982 ጡረታ ወጣች። የአገሯን የኩርግን ምግብ አሠራር መጽሐፍ አድርጋ ጻፈች፣ በዚህ በጣም ነው የምወዳት። በ2009 ሞተች።

ጠበቃው “በይ ጻፊ፣ ቅሬታ ሰሚው ጋ አስገቢ” አለኝ። ጻፍኩ፣ ሁለት ገጽ። አላስገባሁትም። ልጅ እያጠባሁ፣ የቤት ኪራይ እየከፈልኩ፣ እንጀራዬን ፈራሁ። እሷ እኮ ባል አልነበራትም፣ ልጅ አልነበራትም እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ቆይቼ ሳስበው ግን የሌሏት በዚያው ደንብ ምክንያት ይሆን?

ይህንን ሁሉ ስነግራት የእህቴ ልጅ እንቅልፏ ጠፋ። “ደብዳቤውስ?” አለች። ከቁም ሳጥን ሥር አወጣሁላት፣ ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል። ሁለቱንም ገጽ አነበበች። ከዚያ እስክሪብቶዋን አንስታ አንድ ቃል ከበበች።

“አክስቴ፣ ‘አድሎ’ አይደለም እኮ፣ ‘አድልዎ’ ነው።”