የድርቆሽ ሰሞን በሱሉልታ

በጥቅምት ወደ ሱሉልታ የሚሄድ ሰው ጃኬት ይያዝ። ከአዲሱ ገበያ በሚኒባስ ሽቅብ ሲወጡ ብርዱ እምብዛም አይታወቅም። የእንጦጦን አናት አልፈው ባሕር ዛፉ ሲሳሳ ግን ነፋሱ ፊት ይገርፋል። ወዲያው ሜዳው ይመጣል። አስፋልቱ ዳር አትሌቶች በቡድን ይሮጣሉ። ከነሱ ወዲያ ዓይን እስከሚያይ ድረስ ሣር ነው። አንዳንዱ ገና በቁሙ ነው፣ አንዳንዱ ታጭዶ ተኝቷል፣ አንዳንዱ ተከምሯል።

የሄድኩት የጓደኛዬ ቤተሰቦች ዘንድ ነው። የወተት ላሞች አሏቸው፤ ከቤቱ በታች ደግሞ የራሳቸው የሣር መስክ። ወተታቸውን ስጠጣ ኖሬያለሁ፤ ላሞቹ በበጋ የሚበሉት የደረቀ ሣር፣ ድርቆሹ፣ እንዴት እንደሚሰበሰብ ግን በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር።

እንጦጦ ውሃ ከፋይ ነው። በአዲስ አበባ በኩል የጣለው ዝናብ ወደ አዋሽ ይወርዳል። በሱሉልታ በኩል የጣለው በሙገር አድርጎ ዓባይ ይገባል። ከመሄዱ በፊት ግን ክረምቱን እዚሁ ሜዳው ላይ ይተኛል። አፈሩ መረሬ፣ ጥቁር ጭቃ አፈር ነው፤ ውሃ ቶሎ አያሰርግም። ዝናቡ ሲወጣ ደግሞ ውርጭ ይመጣል። ስለዚህ ለእህል የማይመቸው ረባዳ መሬት ለሣር ይተዋል። ክረምት ሲገባ ከብት እንዳይረግጠው ይከለላል፤ መስከረም አልቆ ጥቅምት ሲብት ወገብ ድረስ ይደርሳል።

እንደደረስኩ የጓደኛዬን አባት መስኩ ውስጥ አገኘኋቸው። እኔም እንደ ልጃቸው አባባ ነው የምላቸው። ሰላምታው ገና ሳያልቅ ቁጢጥ ብለው ረጅሙን ሣር በሁለት እጃቸው ከፈሉት። ከሥሩ ሦስት ሦስት ቅጠል ያላት፣ አበባዋ ሐምራዊ የሆነ ትንሽ ተክል ታየች። ማገጥ ናት።

«ይቺን አየሃት? ወተቱ ያለው እዚች ጋ ነው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ማገጥ የአገራችን ደጋ የራሱ ተክል ነው፤ ከባቄላና ከአተር ወገን ስለሆነ ፕሮቲኑ ከሌላው ሣር ይበልጣል። መሬቱንም ናይትሮጅን ይመግበዋል። ችግሩ ቅጠሉ ስስ መሆኑ ነው። ከልክ በላይ ከደረቀ ይረግፋል፤ የሚቀረው አገዳው ብቻ ይሆናል።

የሰሞኑ ትልቁ ጭንቀት «መቼ ይታጨድ?» የሚለው ነው። ሣር መታጨድ ያለበት ማበብ ሲጀምር ነው። ፍሬ ካፈራ በኋላ አገዳው ይጠነክራል፣ ፕሮቲኑ ይወርዳል፣ ላሟም ታንገዋልለዋለች። ግን ሣሩ የሚያብበው ዝናቡ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ ነው። ቀድሞ ያጨደ ሰው ዝናብ ሊያበሰብስበት ይችላል። የዘገየ ሰው ደግሞ ገለባ ይሰበስባል። በዚያ ላይ ለገበያ የሚያጭድና ለላሙ የሚያጭድ ሰው ሐሳባቸው አንድ አይደለም። ድርቆሽ የሚሸጠው በእስር ተቆጥሮ ስለሆነ ሻጩ ሣሩ እንዲረዝምለት፣ እንዲበዛለት ይጠብቃል። ላም ያለው ሰው መብዛቱን ብቻ አያይም። ከተማ ውስጥ በግቢያቸው ላም የሚያረቡ ሰዎች ድርቆሽ ሲገዙ ብዛቱን ብቻ ባያዩ ደስ ይለኛል። አረንጓዴነቱን ይዩ፣ ያሽቱት፣ ቅጠል እንዳለው ይፈትሹ።

አጫጆቹ ከጎጃም የመጡ ወጣቶች ናቸው። በየዓመቱ በዚህ ሰሞን ይመጣሉ፤ ዋጋ የሚነጋገሩት በቁርጥ ነው። ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ ይጀምራሉ። አንዱ ያዜማል፣ የቀሩት ይቀበላሉ፣ ማጭዱ ከዜማው ጋር ይሄዳል። እኩል ተሰልፈው፣ ጎንበስ ብለው፣ ከኋላቸው ሣሩን መስመር እያስያዙ ያስተኙታል። የማጨጃ ማሽን የሚከራዩም አሉ። አባባ ግን መሬቱ ገና እርጥብ ነው፣ ጎማው ይሰምጣል ብለው አልፈለጉም።

የታጨደው ሣር ፀሐይ ላይ ይሰነብታል። በየጊዜው በመንሽ ይገለበጣል። ፀሐይ የበዛበት ሣር ይነጣል፤ ሲነጣም ከብቱ ቫይታሚን ኤ የሚያገኝበት ንጥረ ነገር ይጠፋል። ስለዚህ አየር እንዲያገኝ ይገላበጣል እንጂ እንዲሁ አይተውም። አባባ መድረሱን የሚያውቁት በእጃቸው ነው። አንድ ጭብጥ አንስተው እንደ ልብስ ይጠመዝዙታል። እርጥበት መዳፋቸው ላይ ከቀረ ገና ነው። ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርሷል።

ከሰዓት በኋላ በእንጦጦ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። የጓደኛዬ እናት፣ እማማ፣ ከቤት ደጃፍ ሆነው «ኧረ ልጆች፣ ሣሩን!» ሲሉ ሁሉም ያለውን ጥሎ ሮጠ። አጫጆቹ ውላቸው ማጨድ ብቻ ነበር። ማንም ሳይጠይቃቸው ማጭዳቸውን ጥለው መንሽ ያዙ። ከአጥሩ ማዶ ያለው ጎረቤት ልጆቹን አስከትሎ መጣ። እኔም በክንዴ እያቀፍኩ አመላለስኩ። ሣሩ አንገቴ ውስጥ ገብቶ ሲያሳክከኝ ለማከክ ጊዜ አልነበረም። መስመሩ ወደ ትንንሽ ክምር ተለወጠ፤ በላዩ ሸራ ተጣለ፤ ዳር ዳሩ በድንጋይ ተያዘ። ካፊያው የመጨረሻውን ክምር ስንሸፍን ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ወደ ጫንጮ በኩል አለፈ። እማማ ጠላና ትኩስ ዳቦ ይዘው መጡ። ጎረቤቱን ሦስት ጊዜ መረቁት። ነገ የእሱ ተራ ሲሆን የዚህ ቤት ሰው እንደሚሄድለት ማንም መናገር አላስፈለገውም።

የደረቀው በእንጨት ሳጥን ይታሰራል። ሲባጎው ከሥር ይዘረጋል፣ ድርቆሹ ይሞላል፣ አንዱ ገብቶ በእግሩ ይረግጠዋል፣ ከዚያ ጥርቅም ተደርጎ ይታሰራል። እዚህ ላይ እማማና ጓደኛዬ አይስማሙም። ጓደኛዬ የእንስሳት ሳይንስ ስለተማረ ጥቂት ድርቆሽ ከደረቅ ጨው ጋር ብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ ከቶ ይንጠዋል። ጨው እርስ በርሱ ከተጣበቀ ድርቆሹ እርጥበት አለው ማለት ነው። እማማ ደግሞ ክምሩ ውስጥ እስከ ክርናቸው ድረስ እጃቸውን ይሰዳሉ። «ከሞቀኝ አይታሰርም፣ አለቀ!» እርጥብ ሆኖ የታሰረ ድርቆሽ ይሻግታል፤ ውስጥ ውስጡን ግሎ እሳት ሊያስነሳም ይችላል። የዚያን ዕለት ድርቆሹ በሁለቱም መንገድ አለፈ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን እንደሆነ ሒሳቡን ስሰማ ገባኝ። አንዲት የተዳቀለች የወተት ላም በቀን 10 ኪሎ ገደማ ደረቅ መኖ ትፈልጋለች። ከኅዳር እስከ ሰኔ በድርቆሽ ብቻ ቢሰላ ለአንዲት ላም ከ20 ኩንታል በላይ ነው። ከገበያ የሚገዙት መኖዎች፣ ፋጉሎና ፍሩሽካ፣ ዋጋቸው አይቀመስም። ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ ለ55 ቀን የወተት ገዢ ይቀንሳል። «ላሟ ጾም አታውቅ» አሉ እማማ። ያኔ ቤቱን የሚያቆመው በጥቅምት የገባው ድርቆሽ ነው።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዙሪያ ከተመሠረተው የሸገር ከተማ ውስጥ ገብታለች። መስኩ መሃል የታጠረ ቦታ፣ መጋዘን፣ የተጀመረ ፎቅ ይታያል። ቤት ያስፈልጋል፣ ፋብሪካም ሥራ ነው፤ አልቃወምም። ግን ውሃ የሚተኛበት ረባዳ ለቤትም አይመችም። እሱ እንኳ ለሣር ቢተው የአዲስ አበባ ልጆች ወተት ከቅርብ ያገኛሉ። የከተማውን ፕላን የሚያወጡ ሰዎች አንድ ቀን በጥቅምት መጥተው መስኩን ቢያዩት እወዳለሁ።

አመሻሽ ላይ አይሱዙ መጣ። ደላላው ማገጥ የበዛበትን ድርቆሽ ሲያይ ዋጋ ጨመረ፤ ደግሞ ጨመረ። አባባ በእጃቸው ወደ ሌላኛው ክምር፣ ማገጥ ወደሌለበት ረጅም ሣር፣ ወደ ሰንበሌጡ አሳዩት። «ያንን ጫን። ይሄ ባለቤት አለው» አሉትና ወደ በረቱ ሄዱ፤ የማለቢያ ሰዓት ደርሶ ነበር።